ከኪንግስተን የአራት ሰዓት ተኩል ወሬ

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ብርዱን እንዴት ቻለው? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ለሥልጠና ወደ ትሪኒዳድ እንደምሄድ በስልክ ነግሬዎት ነበር። መንገዴ ላይ ጃማይካ እንደምወርድ ግን ሆን ብዬ ሳልነግርዎት ቀረሁ። በስልክ ተጣድፌ ከማወራው ቁጭ ብዬ ብጽፈው፣ እርስዎም መነጽርዎን አድርገው ቀስ እያሉ ቢያነቡት ይሻላል ብዬ ነው።

አባባ፣ ከአሰብ ሲመለሱ እኛ ልጆች ደጃፍ ላይ ተኮልኩለን የምንጠብቅዎ ለሚያመጡልን ቴምር ብቻ አልነበረም። ሚሌ ላይ ጎማ ፈንድቶ ግማሽ ቀን ከቆሙ የግማሽ ቀን ወሬ ይዘው ይመጣሉ። ኤሊዳር ላይ ኬላ ተዘግቶ ካደሩ፣ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ሻይ ሲጠጡ የሰሙትን ሁሉ ይዘው ይመጣሉ። ሌሎቹ ሾፌሮች ከተሳቢው ሥር ጥላ ፈልገው ሲተኙ እርስዎ መንደሩን ይዞሩ ነበር። እማማ «ምን ያዞርዎታል? አርፈው አይተኙም?» ሲሉዎት፣ «ቆሜ የዋልኩበትን አገር ሳላውቀው ልለፍ?» ይሉ ነበር። ይህችን ንግግርዎን ለብዙ ዓመት ረስቻት ኖሬያለሁ።

መርሳቴን ያወቅሁት አምና ነው። በሌላ ጉዞ፣ በሌላ ከተማ፣ ትራንዚት ላይ አሥር ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ። አሥሩንም ሰዓት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ፣ ቡና ስገዛ፣ የበረራ ሰሌዳውን ሳይ አሳለፍኩት። ቤቴ ስገባ ከከተማዋ ስም በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እንዴት ያለ አገር ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። ያን ዕለት ማታ እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ አፈርኩም።

ስለዚህ የዘንድሮው ቲኬት በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ስምንት ሰዓት የሚያቆም መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ። እርስዎ ከጉዞ በፊት ነዳጁንና ኪሎ ሜትሩን እንደሚያሰሉት እኔም ሰዓቱን አሰላሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አርፋለሁ፤ የሚቀጥለው አውሮፕላን ከቀኑ 11 ሰዓት ይነሣል። ለኢሚግሬሽንና ለጉምሩክ አንድ ሰዓት፣ ከበረራው በፊት ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀነስኩ። በእጄ የቀረው አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሻንጣዬ በቀጥታ ወደ ትሪኒዳድ እንደሚያልፍ ከመነሻዬ አረጋገጥኩ፤ የመግቢያ ቅጹን ቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ሞላሁ፤ በአሜሪካ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም። በትከሻዬ የያዝኩት ውኃ፣ ኮፍያና ፓስፖርቴን ብቻ ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ለአንድ አገር ምን ይበቃል? ሰው የሚመክረኝ ብዙ ነበር። ብሉ ማውንቴን የሚባሉት ተራሮች እስከ 2,256 ሜትር ይደርሳሉ፤ ቡናቸውም ዓለም የሚያውቀው ነው፤ መንገዱ ግን ጠመዝማዛ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ቀኑን ይበላዋል። የቦብ ማርሌ መኖሪያ ሙዚየም ሆኗል፤ እሱም ከተማውን አቋርጦ ነው። ሁሉንም ልንካ ብሎ የሚሮጥ ሰው የታክሲ መስኮት አይቶ ይመለሳል። አንድ ቦታ ብቻ መረጥኩ፤ ፖርት ሮያልን። የአውሮፕላን ማረፊያው የተሠራው ፓሊሴዶስ በሚባል፣ ባሕሩ ውስጥ እንደ ክንድ በተዘረጋ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቀጭን የአሸዋ መሬት ላይ ነው። ኪንግስተን ከክንዱ ሥር ናት፤ ፖርት ሮያል ከጣቱ ጫፍ ላይ። ወደ ጫፉ የሚሄድ ሰው የከተማውን የመኪና መጨናነቅ ጨርሶ አያገኘውም፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቢነዳ ደርሷል።

ታክሲ ስይዝ ታርጋው ቀይ መሆኑን አየሁ፤ ፈቃድ ያላቸው የሕዝብ ማመላለሻዎች የሚታወቁት በዚያ ነው። ሳልገባ ዋጋ ተነጋገርን፤ ሾፌሩ እስክጨርስ ጠብቆ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ማረፊያው በር እንዲያደርሰኝ ተስማማን። መሪው በቀኝ ነው፤ መንገዱንም በግራ ይይዛሉ። እርስዎ ቢሆኑ እስኪደርሱ ድረስ በእግርዎ ፍሬን ይፈልጉ ነበር።

መሬቱ ገረመኝ። የካሪቢያን ደሴት ሲባል ዘንባባና ልምላሜ ነበር የጠበቅሁት፤ ይህ ግን ቁልቋልና እሾሃማ ቁጥቋጦ የሞላበት ደረቅ መሬት ነው። ግራና ቀኙ ባሕር ነው። እርስዎ አሰብ ሊደርሱ ሲሉ ያዩታል እያሉ የሚነግሩን አገር መሰለኝ። መንገዷ አንዲት ናት፤ እሷ ከተቆረጠች ማረፊያውም መንደሩም ብቻቸውን ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 አይቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ባሕሩንና አሸዋውን ጭኖባት ነበር። በኋላ ከፍ አድርገው ሠርተዋታል፤ ዳርና ዳሯንም በትልልቅ ቋጥኝ ደግፈዋታል። ሥራው ጠንካራ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ በደንብ አየሁት።

ሾፌሩ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ትውልዴ ኢትዮጵያ ነው ስለው መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። «እናቴ ንጉሣችሁን ለማየት እኔን ይዛ እዚህ መጥታ ነበር» አለኝ። አባባ፣ ጃንሆይ ያረፉት በዚሁ ማረፊያ ነው፤ ያን ጊዜ ስሙ ፓሊሴዶስ ነበር። ዕለቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1966፣ በእኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። የተሰበሰበው ሕዝብ መቶ ሺህ ያህል ይሆናል ይባላል። ጠዋት ሲዘንብ ቆይቶ አውሮፕላኑ ሲያርፍ አባራ ብለው ይተርካሉ። ሕዝቡ አጥሩን አልፎ አውሮፕላኑን ስለከበበው ጃንሆይ መውረድ አልቻሉም፤ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ የራስታፈሪያን ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡ መንገድ እንዲለቅ ከለመነ በኋላ ነው የወረዱት። ሾፌሩ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። እሱ የሚያስታውሰው ንጉሡን አይደለም፤ ጭቃውን፣ ከበሮውንና የእናቱን እጅ ጥብቅ ብሎ መያዝ ነው። እናቱ ራስታ አልነበሩም። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ «እኛን የሚመስል ንጉሥ በዓይኔ ልይ» ብለው ነው የሄዱት። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ፤ እኔም የምናገረው ጠፋኝ።

ለእማማ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያናችን ጃማይካ ውስጥ አለች። ኪንግስተን ማክስፊልድ ጎዳና ላይ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አለ። ሰዓቱ አልበቃኝምና አልተሳለምኩም፤ ከሩቅ ግን አማተብኩ።

ፖርት ሮያል ዛሬ ጥቂት ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት ጸጥ ያለች መንደር ናት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1655 ደሴቲቱን ከስፔን ከነጠቁ በኋላ ግን በዚያ አካባቢ ካሉ ሀብታም ከተሞች አንዷ ነበረች። የባሕር ወንበዴዎች የዘረፉትን ወርቅ የሚመነዝሩባት፣ ከአፍሪካ በግፍ የተጋዙ ወገኖቻችንም የሚሸጡባት ወደብ ነበረች። ባለ ፎቅ የጡብ ቤት እላዩ ላይ ተደራርቦ የተሠራው በአሸዋ ላይ ነው። ጁን 7 ቀን 1692፣ በጎንደር አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ሳሉ መሆኑ ነው፣ መሬት ተንቀጠቀጠ። ውኃ የጠገበው አሸዋ ሲናወጥ እንደ አጥሚት ፈሰሰ፤ ከከተማዋ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከነቤቱና ከነመንገዱ ባሕር ገባ። በዚያች ዕለት ብቻ ወደ ሁለት ሺህ ሰው አለቀ። ከሞት የተረፉት ወደ ማዶ ተሻግረው የቆረቆሯት ከተማ ናት ኪንግስተን።

እ.ኤ.አ. በ1959 ጠላቂዎች ከባሕሩ ወለል አንዲት የኪስ ሰዓት አወጡ። በራጅ ሲመረምሯት ቆጣሪዎቿ የቆሙት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ 5 ሰዓት ከ43 ላይ ነበር። እኔ የባሕሩ ዳር ስደርስ 5 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ልቆይ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውኃው ጸጥ ብሎ ያበራል፤ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ መረብ ይጠግናል። 43 ሲሞላ ምንም አልሆነም። ሽማግሌው ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ አንዲት ጀልባ አለፈች። ግን እዚያ በመቀመጤ ደስ ብሎኛል። ካሉኝ ሰዓቶች ሁሉ አብልጬ የማስታውሳት አሥራ ሦስቷን ደቂቃ ነው።

ፎርት ቻርልስ የሚባለውን ምሽግ አየሁ። በአንድ ወቅት ባሕር ይከበው ነበር፤ ዛሬ አሸዋው ሞልቶት ባሕሩ ርቆታል። አጠገቡ እ.ኤ.አ. በ1907 ሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ ያጋደለው የመሣሪያ ማከማቻ ቤት አለ፤ ሳይወድቅ እንደ ተንጋደደ ቆሟል። ውስጡ ሲገቡ ዓይን አንድ ነገር፣ እግር ሌላ ነገር ይናገራል፤ ግድግዳ ይዤ ነው የወጣሁት።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው አንድ መቃብር ነው። ሉዊስ ጋልዲ የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነው። ፖርት ሮያል በሰመጠችበት በ1692ቱ ዕለት መሬት ተከፍታ ዋጠችው፤ ወዲያው በሌላ ነውጥ ወደ ባሕር ተፋችው፤ ጀልባ እስኪያነሣው ድረስ እየዋኘ ተረፈ። ከዚያ በኋላ እስከ እ.ኤ.አ. 1739 ድረስ ኖሯል። ይህ ሁሉ ድንጋዩ ላይ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ አባባ፣ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው ሰርዶ ትዝ አለችኝ።

መጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ እርስዎ ገና ረዳት ሳሉ፣ ሰርዶ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ በነጋታው እንዳለፉባት ነግረውን ነበር። «ስንሄድ ሻይ የጠጣንበት ቤት ስንመለስ የድንጋይ ክምር ሆኖ አገኘነው» ብለው ሲጀምሩ እማማ «ይህ ለልጆች አይነገርም» ብለው አስቆሙዎት። እርስዎም ዝም አሉ፤ ከዚያ ወዲህ አንሥተውት አያውቁም። ከወሬዎችዎ ሁሉ ሳይጨረስ የቀረብኝ እሱ ብቻ ነው።

ከቀትር በኋላ ከሾፌሩ ጋር ምሳ በላን። የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ በላዩ በሆምጣጤ የራሰ ሽንኩርት፣ ካሮትና የሚያቃጥል ቃሪያ ይደረግበታል። ከጎኑ ባሚ የሚሉትን ያቀርባሉ፤ ከካሳቫ የሚጋገር ወፍራም ቂጣ ነው፤ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት የደሴቲቱ ነዋሪዎች ያወረሱት ነው ይባላል። በእጄ ቆርሼ ስበላ ሾፌሩ ሳቀና እሱም ሹካውን አስቀመጠ።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ማረፊያው በር ላይ ነበርኩ። ፍተሻው ረጅም ሰልፍ ስለነበረው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ሳልጨነቅ ቆምኩ። ለእማማ አንድ እሽግ የብሉ ማውንቴን ቡና ገዛሁ። ቡና ጃማይካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ነው፤ ከአገራችን ተነሥቶ ስንት ባሕር ዞሮ እንደደረሰ እያሰብኩ ነው የከፈልኩት። ተቆልቶ የታሸገ ስለሆነ እማማ ሽታው አይሞላላቸው ይሆናል፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ አፍልተው ይቅመሱልኝ። ጎረቤታችን ለፋሲካ ሲመጣ እልከዋለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውላለሁ። ሁለት ነገር ስለምጠይቅዎ ያስቡልኝ። አንደኛው፣ ጃንሆይ ጃማይካ ሲሄዱ እርስዎ የ18 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ደሴ ውስጥ በሬዲዮ ተሰምቶ ነበር ወይ? ሾፌሩ ጠይቂልኝ ብሎኛል። ሁለተኛው የእኔ ነው። እማማ ቢከለክሉም አሁን ልጅ አይደለሁምና ይንገሩኝ፤ ሰርዶ ላይ ሻይ ያፈሉላችሁ የነበሩት ሰዎች ምን ሆኑ?

ጉልበትዎን ሁልጊዜ ማታ ማታ ይቀቡት።

ናፋቂ ልጅዎ