ኦቨን አብርተሽ እንዳትተኚ

ልጄ እንደምን ሰነበትሽ። እኛ ደህና ነን፣ የእናትሽ ጉልበት ያው እንደምታውቂው ብርድ ሲመጣ ይነሳባታል ሲሞቅ ደሞ ትረሳዋለች። በስልክ ቴክስት ላደርግልሽ ነበር ግን ሦስት መስመር ሳልጨርስ ጣቴ ሌላ ፊደል ይነካና እናደዳለሁ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ በወንድምሽ ኮምፒውተር ልጻፈው አልኩ። ረዘመ ብለሽ ግማሹን ዘለሽ እንዳታነቢ፣ አውቅሻለሁ።

መጀመሪያ የሰማሁትን ልናገር። ከናይት ሺፍት ገብተሽ ፒዛ ኦቨን ውስጥ ከተሽ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ይዞሽ ሄደ አሉ። ቤቱ በጭስ ተሞልቶ አላርሙ ሲጮህ አንቺ አልሰማሽም፣ ያቺ አብራሽ የምትኖረው ልጅ ናት አሉ ጎትታ የቀሰቀሰችሽ። ወንድምሽን አትቆጪው፣ እኔ ነኝ አፉን ፈልቅቄ ያወጣሁት፣ ፊቱ ላይ አየሁበት። "ፒዛ ነው እኮ አባዬ" እንደምትዪኝም አውቃለሁ። እኔ የማወራው ስለ ፒዛው አይደለም።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው "የጓደኛዬ እናት ፖሳዳ ጠርታኛለች፣ ፖልቮሮን ጋግሬ ልሂድ፣ እንዴት ነበር የምትሠራው" ብለሽ ቮይስ የላክሽልኝ። ፖሳዳ ያው ሜክሲኮዎች ከገናቸው በፊት ማታ ማታ የሚያከብሩት ነው፣ ፖልቮሮን ደሞ ያ ነጭ ኩኪሳቸው። ደስ አለኝ፣ ሁለቴ ሰማሁት፣ እናትሽንም አሰማኋት። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን ጭሱ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ከዱቄቱም ከቅቤውም በፊት፣ ኦቨን አብርተሽ እንዳትተኚ። ጋደምም እንዳትዪ። "አምስት ደቂቃ አይኔን ልክደን" የሚባል ነገር የለም፣ ሌሊቱን ስትሠሪ ካደርሽ በዛን ቀን አትጋግሪ፣ በቃ።

እሺ ወደ ሥራው። የገበታ ቅቤ ሁለት እስቲክ፣ አንድ ካፕ ማለት ነው፣ ጨው የሌለበትን ግዢ። ቀደም ብለሽ ከፍሪጅ አውጪውና በራሱ ጊዜ ይለስልስ፣ ጣትሽን ስትጫኚው ጎድጎድ ካለ ደርሷል። ቸኩለሽ ማይክሮዌቭ ውስጥ ካቀለጥሽው ኩኪሱ ትሪው ላይ እንደ እንጀራ ይነጠፍልሻል፣ ከዛ ለእኔ እንዳትደውዪ። እናትሽ የላከችልሽን ንጥር ቅቤ ደሞ እንዳታስቢው፣ ኮረሪማና ኮሰረት የሚሸት ፖልቮሮን ይዘሽ የሜክሲኮ ሴትዮ ፊት ብትቀርቢ እኔ የለሁበትም።

ፓውደር ሹገር ግማሽ ካፕ፣ ቫኒላ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ዱቄት ሁለት ካፕ፣ ቁንጥር ጨው፣ ፒካን አንድ ካፕ። ፒካኑን መጀመሪያ መጥበሻ ላይ ትንሽ አመስ አመስ አድርጊው፣ ሽታው ሲመጣ አውርጂው፣ በደንብ ሲቀዘቅዝ ነው ደቀቅ አድርገሽ የምትከትፊው። ትኩሱን ከጨመርሽው ቅቤውን ያቀልጥብሻል። ቅቤውንና ስኳሩን ነጣ እስኪል ምቺው፣ ከዛ ዱቄቱን በወንፊት ነፍተሽ ጨምሪ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ አንቺም እናትሽ ድፎ ስታቦካ እያየሽ ስላደግሽ እጅሽ ማሸት ይወዳል። አትሺው! እስኪያያዝ ብቻ። ስሙ ራሱ ከአቧራ ነው የመጣው፣ ፖልቮ ማለት አቧራ ነው በነሱ ቋንቋ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ እንደ በሶ ብትን ማለት አለበት። ካሸሽው ድንጋይ ነው።

ሊጡን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳርፊው፣ ከዛ የእንቁላል አስኳል በሚያህል መጠን አድቦልብዪ። ኦቨኑ 350 ፋራናይት ላይ ቀድሞ ይሙቅ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ነው እኛ ጋ። አልበከርኪ ግን ወደ 1600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለሽው፣ አዲስ አበባን ባያህልም ሎስ አንጀለስ አይደለም፣ አየሩም ደረቅ ነው፣ ሊጡን እርጥብ ጨርቅ አልብሺው፣ ደቂቃውን ደሞ መጀመሪያ አራት ፍሬ ብቻ ከተሽ ልመጂው። ላዩ ነጭ እንደሆነ ነው የሚወጣው፣ ገልበጥ ስታደርጊው ከሥሩ ብቻ ቡኒ ካለ በስሏል። ላዩ እስኪቀላ ከጠበቅሽ አልፎበታል። ስታወጪው ወዲያው አትንኪው፣ ትኩሱ እጅሽ ላይ ይፈረፈራል። ትንሽ በረድ ሲል ለብ እንዳለ ፓውደር ሹገር ውስጥ አንከባሊው፣ ጭራሽ ሲቀዘቅዝ ደሞ ሁለተኛ። የመጀመሪያው ስኳር ቀልጦ ይጣበቃል፣ ነጩን ልብስ የሚያለብሰው ሁለተኛው ነው። እና ይሄ ሁሉ ሲሆን ቆመሽ ነው። እሱ ኦቨኑ ውስጥ ነገር ካለ ወንበር ላይ አይቀመጥም ነበር፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ።

ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ማኤስትሮው ነው፣ ያ ዳቦ ቤት የነበረው ጋጋሪ። አንቺ አላየሽውም፣ አንቺ ሳትጠነክሪ ነው የሄደው። ስለሱ ያልነገርኩሽ ነገር አለ፣ አሁን ፖልቮሮን ስትዪኝ መጣብኝ።

በ2001 በዲቪ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ እዚህ ሎስ አንጀለስ ቦይል ሃይትስ ያለው ያ የሜክሲኮ ዳቦ ቤት ነበር። ከፌርፋክስ ሁለት አውቶቡስ ይዤ ማታ በኛ አራት ሰዓት እገባለሁ፣ ጠዋት እወጣለሁ። በ2002 ሰፈራችን ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ ሲሰየም ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ተኝቼ አለፈኝ። አገር ቤት እኔ ማጀት ገብቼ ድስት ከፍቼ አላውቅም፣ አያትሽ "ልጄ አሜሪካ የሄደው ሊጥ ሊያቦካ ነው?" ብላ አልቅሳለች። ያስተማረኝ እሱ ነው። እንግሊዝኛው ትንሽ የኔም ትንሽ፣ ስፓኒሽ ደሞ እኔ የማውቀው ቁጥርና "ካልዬንቴ!" ብቻ፣ ትኩስ ትሪ ተሸክመሽ ከሰው ኋላ ስታልፊ የምትጮሂው። በእጅ ነው የምንግባባው። ኮንቻውን፣ ያን ጀርባው እንደ ዛጎል የተሰነጠቀውን፣ እጄን ይዞ ነው ያሳየኝ። ማራኒቶም እንደዛው፣ ያ አንቺ የምትወጂው በጥቁር ስኳር የሚሠራው የአሳማ ቅርጽ። እናትሽ "ይሄ ነገር ቤቴ አይገባም" ስትል አንቺ "እማዬ ላም ናት" ያልሻት ትዝ ይልሻል? ላም ናት ተብሎ ነው ስንት ዓመት ቤታችን የገባው።

ታኅሣሥ ሲሆን እዛ ዳቦ ቤት ሰው መተንፈሻ የለውም። በነሱ ዲሴምበር ከ16 እስከ 24 ዘጠኙን የፖሳዳ ሌሊት ሰው ትሪና መቆንጠጫ ይዞ ተሰልፎ ይመርጣል፣ እሱ ሲያልፍ ደሞ ለጃንዋሪ 6 ያ ትልቁ ክብ ዳቦ አለ ሮስካ የሚባለው፣ ውስጡ ትንሽዬ ሕፃን የሚደበቅበት። እኔ ደሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ነኝ። ያን ሁሉ ጣፋጭ ስሠራ አንድ ቀን አልቀመስኩም፣ በማሽተትና በጣት ነው የለመድኩት። ማኤስትሮው ለምን እንደማልቀምስ በእጁ ጠየቀኝ። ግድግዳው ላይ ካላንደር ነበር፣ ጃንዋሪን ገልጬ 7ን አሳየሁት፣ እስከዛ አፌን እንደዘጋሁ በጣቴ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ገባው።

የመጀመሪያው ዓመት በነሱ የገና ዋዜማ ጠዋት ልወጣ ስል አንድ ሳጥን ፖልቮሮን ሰጠኝ፣ ለሚስትህ ብሎ። አመሰገንኩት። ግን እኔ እኮ ሊጡን ሳቦካ ስላደርኩ በምን እንደተሠራ አውቃለሁ፣ በማንቴካ ነው፣ በአሳማ ሞራ፣ የጥንቱ እንደዛ ነው። (እዛ አንቺ ያለሽበት ቢስኮቺቶም እንደዛው ነው፣ ያ በ1989 የኒው ሜክሲኮ ስቴት ኩኪስ ብለው ያጸደቁት፣ አኒስና ቀረፋ ያለበት። ሳትጠይቂ እንዳትበዪ።) እምቢ ማለት አፈርኩ። በጓሮ በር ወጥቼ ገንዳው ውስጥ ጣልኩት። ዞር ስል ማኤስትሮው በሩ ላይ ሲጋራ ይዞ ቆሟል። አየኝ። ምንም አላለም፣ በማግስቱም ምንም አላለም።

በሁለተኛው ዓመት እንደገና ሳጥን። ክዳኑ ላይ በወፍራም ማርከር ጽፎበታል፣ ከሥሩ 7 ቁጥርን ከቦ። ፊደሉን እየቆጠርኩ አነበብኩት፣ ማ-ን-ቴ... ሲል በቃ ማንቴካ ነው ብዬ ተውኩት። ሰውዬው አሁንም የአሳማ ሞራ ሰጠኝ፣ ጭራሽ ጽፎ! አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ለሚተኛ ሰው ሰጠሁት። በሦስተኛው ዓመትም ያው ሳጥን ያው ጽሑፍ፣ አውቶቡሱ ወንበር ላይ ትቼው ወረድኩ። በቀጣዩ ዓመት ማኤስትሮው ጡረታ ወጥቶ አገሩ ሜክሲኮ፣ ዛካቴካስ ገባ።

አንቺ ሁለተኛ ክፍል ሆነሽ ይመስለኛል፣ ከክፍልሽ ልጆች ስፓኒሽ እየለቃቀምሽ ያየሽውን ሁሉ የምታነቢበት ጊዜ። ሱቅ ገብተን ፍሪጁ ጋ ቆመሽ ቅቤ አነሳሽና "አባዬ ማንቴኪያ!" አልሽኝ። ማንቴካ በይ፣ እሱ የአሳማ ነው አንነካም፣ መልሺ አልኩሽ። "ኖ አባዬ፣ ማንቴካ ሌላ ነው፣ ማንቴኪያ ማለት ቅቤ ነው፣ ይኸው" ብለሽ ፓኬቱን አሳየሽኝ። አየሁት፣ ያ ክዳኑ ላይ የነበረው ረጅም ቃል ነው። "ምን ሆንክ" ስትዪኝ ፍሪጁ በረደኝ አልኩሽ።

ከዛ ነው አንድ ነገር የታየኝ። በነዛ ሌሊቶች ሊነጋ ሲል ማኤስትሮው አንድ ትንሽ ትሪ ይዞ በፈላ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይፈትግ ነበር። ትሪ እኮ እኛ ጋ እንደዛ አይታጠብም፣ ይጠረግና ይቀጥላል። ንጹሕ ትሪ ምን ያጥባል ብዬ ስቄበት አውቃለሁ፣ ደክሞት ነው፣ አርጅቷል ብዬ። ሞራውን እያጠበልኝ ነበር። ቅቤውንም ከራሱ ኪስ ገዝቶ ነው መሰለኝ፣ ዳቦ ቤቱ በቅቤ ፖልቮሮን አይሠራም ነበር።

ሄጄ ጠየቅኩ፣ የሰጡኝ ስልክ አይሠራም። ከዛ ዓመት ጀምሮ ነው በገና ከዶሮው ቀጥሎ ያ ነጭ ኩኪስ የሚቀርበው፣ "ለምንድነው ሁሌ የምትሠራው" ስትዪኝ "ሥራዬ ስለነበረ" ያልኩሽ። ይኸው ነው።

ምን ልልሽ ነበር... አዎ። ሴትዮዋ ቤት ታማሌ ይኖራል፣ ውስጡ ሥጋ ነው፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ። ጾም ነሽ አይደለሽም አልጠይቅሽም፣ ትልቅ ሰው ነሽ። (ነሽ ግን አይደል?) የማትበዪውን ግን ፊት ለፊት ንገሪያት፣ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ ስፓኒሽ ታውቂያለሽ፣ እንደኔ በጣት የምትናገሪ አይደለሽም። ተቀብለሽ ናፕኪን ውስጥ እንዳትጠቀልዪ። በር ላይ ቆመው ማደሪያ ስጡን እያሉ ሲዘምሩ ደሞ አብረሽ ዘምሪ፣ እኔ ሦስት ዓመት ተጠርቼ እንቅልፌን መረጥኩ።

ለራስሽ ለጾም መሥራት ካማረሽ በቅቤው ፋንታ የሚረጋ የአትክልት ዘይት አድርጊ፣ መጠኑ ያው ነው፣ ጣዕሙ ትንሽ ይቀራል። የቅቤውን ለገና አስቀሪ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ክዳኑ ከጠበቀ ሁለት ሳምንት ምንም አይሆንም። ሳጥን ስታዘጋጂ በየመሀሉ ወረቀት አድርጊ። ጋዝ ሞልተሽ ሂጂ፣ ሌሊት አትመለሺ፣ በረዶ ካለ እዛው እደሪ። የእናቷ አገር ዛካቴካስ ነው ብለሽኝ ነበር መሰለኝ፣ ዛካቴካስ ሰፊ ነው አውቃለሁ፣ ግን ሎስ አንጀለስ ዳቦ ጋጋሪ የነበረ ሽማግሌ ታውቂያለሽ ወይ ብለሽ ብትጠይቂያት ምን ይጎዳል። ግራ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው፣ እንደ ቀለበት የዞረ።

እናትሽ ሳምልኝ እያለች ነው፣ ብርድ ልብሱን ፖስታ ቤት ወስዳዋለች። በቃ ልሂድ፣ ሥራ አለኝ። ኦቨን አብርተሽ እንዳትተኚ። ጋግረሽ ስትጨርሺ ፎቶ ላኪልኝ፣ የኩኪሱን አይደለም፣ እሱን ገና ሲደርስ አየዋለሁ፣ የኦቨኑን ማጥፊያ።

አባትሽ