ቁጥሩንም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አውሮፕላን ስትጽፉ “ቦይንግ” ብላችሁ ብቻ አትለፉን። ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። 767 የአውሮፕላኑ ዓይነት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው 300 ደግሞ ከዚያ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ያሳያል። ቦይንግ ለየደንበኛው መለያ ቁጥርም ይሰጥ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መለያ 60 ነው። ስለዚህ ለእኛ የተሠራው 767-300 በወረቀት ላይ 767-360 ይባላል። ደስ አይልም? አውሮፕላኑ ለሌላ ቢሸጥ እንኳ 60ዋ አትለቀውም። 787 በሚባለው የቦይንግ ዓይነት ላይ ይህ አሠራር መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ሌላው የአውሮፕላን ኪራይ ነገር ነው። እዚህ ጅማ ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ “ኪራይ ነው እንጂ የራሳችን መቼ ሆነና!” የሚል አይጠፋም። ኪራይ ነውር አይደለም። በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ አየር መንገዶችም ይከራያሉ። ባለቤቱ አከራይ ኩባንያ ነው፤ አብራሪውና ጥገናው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተከራዩ ኃላፊነት ነው። ከአውሮፕላኑ ኋላ በኩል የሚጻፈው፣ በ“ኢቲ” የሚጀምረው የምዝገባ መለያም የተመዘገበበትን አገር እንጂ ባለቤቱን አይነግረንም።

እባካችሁ፣ አዲስ አውሮፕላን ገባ ስትሉ ሙሉ ቁጥሩን፣ የተገዛ ይሁን የተከራየም አብራችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ