ከዩኒቨርሲቲው ጋር ስለምንጀምረው ሥራ

ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣

ወሎ ዩኒቨርሲቲን እናናግር ያላችሁት ልክ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ሌላ የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው፤ ለልመና አይደለም የምንሄደው። ግን "እርዱን" ብቻ ብለን አንሂድ። አንድ ችግር ይዘን እንሂድ። የሒሳብ መዝገባችን ከሆነ ደሴ ያሉትን የአካውንቲንግ ተማሪዎች፣ የውሃ መስመሩ ከሆነ ደግሞ ኮምቦልቻ ያለውን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ብናናግር ይሻላል።

ባለፈው ከአንድ ኮሌጅ ጋር የጀመርነው የቆመው እኮ ሁሉም ነገር በአንድ መምህር ስልክ ላይ ስለተንጠለጠለ ነው፤ እሱ ሲዛወር ሥራውም አብሮ ቀረ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። አሁን ማን ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ ይስፈር፣ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ተጠሪ ይኑር። በፈተና ሰሞን ተማሪ አንጠብቅ።

ቅዳሜ እኛ ቤት ቡና ይፈላል፤ ችግሩን እዚያው እንምረጥ።