ዘራፍ የማይል ጀግና

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትህ? እኛ ደህና ነን። የእናትህም ወገብ ተሽሏታል። በርበሬውን ሰው ሳገኝ እልክለታለሁ ብላሃለች።

ለፋሲካ መጥተህ ፊልም ያሳየኸኝ ቀን የጀመርነውን ክርክር በስልክ ልጨርሰው ነበር። ኔትወርኩ ግን እንደምታውቀው ነው፤ «ሃሎ ሃሎ» ስንባባል ካርዴ አለቀ። አንተ «ባትማን ጆከርን ለምን አይገድለውም? ባመለጠ ቁጥር ሰው ይፈጃል» አልከኝ። እኔ ዝም ስል ሳቅህብኝ።

ዝም ያልኩት ፊልሙ ስላልገባኝ አይደለም። እኔ ያደግሁት «ገዳይ» ሙገሳ በሆነበት አገር ነው። ሰርግ ላይ ጎልማሳው ዱላውን ነቅንቆ «ዘራፍ!» ሲል፣ ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት፣ የሚቆጥረው የጣለውን ነው። የራሱ ሲያልቅ የአያቱን ይቆጥራል። እኔም በሰባት ዓመቴ የአያትህን ከዘራ ይዤ ከብቶቹ ፊት እፎክር ነበር። ላሞቹ ቀና ብለውም አላዩኝም። አሁን ደግሞ አንተ ጭምብል ያጠለቀ፣ ጥቁር ካባ የደረበ፣ «ሰው አልገድልም» የሚል ጀግና አመጣህብኝ። ይህ ሰው ሰርጋችን ላይ ቢጠራ ምን ብሎ ይፎክራል?

ከሄድክ በኋላ ስልኬ ላይ ስጎረጉር አመሸሁ። ለካ ባትማን መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም! በፈረንጆቹ 1939 በሥዕል መጽሔት ላይ ሲጀምር ይገድል ነበር። በ1940 ነው የመጽሔቱ አዘጋጅ «ከእንግዲህ አይገድልም» ያለው። ጆከርም በዚያው ዓመት ገና ብቅ ባለበት እትም ሊሞት ተወስኖ ነበር። አዘጋጁ መጨረሻው ላይ አንድ ሥዕል አስጨምሮ አተረፈው። ስለዚህ ልጄ፣ ጆከርን መጀመሪያ ያዳነው መጽሔቱን የሚሸጠው ሰውዬ ነው። ገበያ የሚያመጣ ወንበዴ ማን ይገድላል? «ደግሞ ያመልጣል» ያልከውም የደራሲዎቹ ጣጣ ነው። ባትማን ይዞ አስረክቧል። የእስር ቤቱንም ቁልፍ እሱ ይያዝ እንዴ?

«እሺ፣ ይፈረድበትና ይሰቀል» ትለኝ ይሆናል። ይህን ለጎጃም ሰው አትንገር። ለጣሊያን ገብተው የነበሩት ራስ ኃይሉ ንጉሡ ሲመለሱ በግዞት ተቀመጡ እንጂ አልተሰቀሉም። ጣሊያንን በረሃ ለበረሃ ሲያስጨንቅ የኖረው በላይ ዘለቀ ግን በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ሞት ተፈርዶበት፣ ወደ እድሜ ልክ ተለውጦለት፣ ከእስር አምልጦ፣ ተይዞ፤ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር በሥርዓት ነው። አያትህ ይህን ሲያነሱ ድምፃቸው ይቀየር ነበር። የታሰረ ቢሆን ኋላ ይፈታ ነበር። እኔ ያንን ገመድ ፊቱን ለሸፈነ ሰው አልሰጥም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሁለተኛው ነገርህ ነው። «እሺ አይግደል፤ የማዳን ግዴታ ግን የለበትም» ያልከው። በፈረንጆቹ 2005 በወጣው ፊልም ባትማን አሠልጣኙን ባቡር ውስጥ ትቶት ሲወጣ እንዲሁ ነው ያለው፦ አልገድልህም፣ ላድንህም አልገደድም። አንተ አጨበጨብክ። ሀዲዱን ያስፈረሰው ማን ሆነና? ለፖሊሱ ነግሮ ያስመታው ራሱ አይደለም ወይ? ይህ የጠበቃ ጨዋታ ነው።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ልጅ ሳለሁ የጤፍ ክምራችን በሌሊት ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚመሰክር ግን ጠፋ። ያን ዓመት አንዱን በሬ ሸጠን በላን። በነሐሴው ሰውዬው ከገበያ ሲመለስ የጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው። እኔና አያትህ ከወዲህ ነበርን። ከዳር የወጣ የዛፍ ሥር ይዞ ተንጠልጥሏል፤ ጭንቅላቱና አንድ እጁ ብቻ ይታያል። አያትህ ዱላቸውን ዘረጉለት። ጭቃ ነክቶት ነበርና አሟለጨው። እኔ በልቤ «ይበቃል» አልኩ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ የበሬያችንን ስም አስታውሳለሁ። እሳቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ጠመዘዙና ወረወሩለት። ወጣ። ውሃውን ተፋና ምን ያደረገ ይመስልሃል? አንድ እግር ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ቀና ብሎም አላየን።

ቤት ስንደርስ እናቴ ጭቃ የጠጣውን ጋቢ አየችና «ምነው፣ እርጎም አላጠጣችሁት?» አለች።

ሰውዬው አልተለወጠም። ሽማግሌ አልላከ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ አልጠየቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲያውም በድንበር ክርክር መጥቶ በሐሰት መሰከረብን። መሬቱም ከፊሉ ሄደ። እንግዲህ ይህን በአንተ በኩል ቁጠረው፤ አልደብቅህም። ካደግሁ በኋላ «አባባ፣ ቆጭቶዎት አያውቅም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እጄ ቀደመኝ» አሉ። ከዚያ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ጠየቁኝ።

አሁን እኔ የምጠይቅህ አለኝ። በ2008ቱ ፊልም ይኸው ባትማን ጆከርን ከፎቅ ገፍቶ ይጥለዋል። ምድር ሳይደርስ ደግሞ ራሱ በገመድ ይይዘዋል። ባቡሩ ውስጥ ሰው ትቶ የወጣ ሰው በመሃል ምን አገኘው? ሦስቴ መልሼ አየሁት፤ ፊቱ እንደሆነ በጭምብል ተሸፍኗል። ለእንቁጣጣሽ ስትመጣ ሁለቱንም ይዘህ ና። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርገህ ና፤ መብራት አያስተማምንም።

አባትህ
ከደብረ ማርቆስ