ታኮ በምጣድ፦ የምግብ ዝግጅት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ባሕር ዳር በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ያለው የምግብ ዝግጅት ክበብ ዘንድሮ የአትክልት ሾርባ፣ ዳቦ ቆሎና የፍራፍሬ ጭማቂ ሠርቷል። ስለ እነዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ልጆቹ በሚገባ ሠርተዋቸዋል፣ እኛም በልተን አመስግነናል። አብዛኛውን ጊዜያችንን የወሰደው ግን ታኮ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አባላቱ ፒዛ እንሥራ ብለው ሲጠይቁ ነው። ፒዛ ኦቨን ይፈልጋል፤ በአብዛኞቹ ልጆች ቤት ያለው ደግሞ የከሰል ምድጃና ምጣድ ነው። አንድ ልጅ እዚህ የተማረውን ማታ ቤቱ ገብቶ ለታናናሾቹ መሥራት ካልቻለ ክበቡ ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ የሜክሲኮውን ታኮ መረጥን። ስስ ቂጣ ይጋገራል፣ ጥቂት ወጥ ወይም ጥብስ ይደረግበታል፣ የተከተፈ አትክልትና ሎሚ ይጨመርበታል፤ ከዚያ አጥፎ በእጅ መብላት ነው።

ዋናው ነገር ቂጣው ነው። ሜክሲኮዎች ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ ሲያዘጋጁ በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው ያሳድሩታል፤ ከዚያ አጥበው ይፈጩታል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኖራው የፍሬውን ልባስ ያላቅቃል፣ ሊጡ እንዲያያዝ ይረዳል፣ በቆሎው ውስጥ ታስሮ ያለውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን ደግሞ ሰውነት እንዲጠቀምበት ይፈታዋል። በቆሎ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ይህ ጥበብ አብሮት ስላልሄደ፣ ከበቆሎ ሌላ እምብዛም የሚበሉት ያልነበራቸው ድሆች በዚህ ቫይታሚን እጥረት በሚመጣው ፔላግራ በሚባል በሽታ ተሠቃይተዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የሜክሲኮን ባህላዊ የምግብ ሥርዓት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ማስፈሩ ይገባዋል እላለሁ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ኖራ እንግዛ አሉ። ለግድግዳ የሚሸጠው ኖራ ለምግብ አይሆንምና ከለከልኋቸው።

ኖራ ከሌለ የበቆሎ ዱቄት ብቻውን አይሆንም። በቆሎ የስንዴን ሊጥ የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለው ቂጣው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሜጫ የመጣውን 1 ኩባያ የበቆሎ ዱቄት ከ2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት ጋር ቀላቀልን፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 1 ኩባያ ያህል ሙቅ ውሃ ጨምረን አሸነው። ሊጡ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ 12 ቦታ ተከፍሎ በመዳመጫ ይሳሳል። ምጣዱ በደንብ መጋል አለበት። ሊጡ እንዳረፈበት ፊቱ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ይወጣሉ፤ ያኔ ይገለበጣል። ለእያንዳንዱ ገጽ 1 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ባልጋለ ምጣድ ላይ የቆየ ቂጣ እርጥበቱን ጨርሶ እንደ ገል ይሰበራል። የበሰለው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሶብ ውስጥ ይደራረባል፣ የራሱ እንፋሎት ያለሰልሰዋል። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እያንዳንዱን ቂጣ አጥፋ፣ እጥፋቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያስጠጋች ስንጥቅ ትፈልግ ነበር። ስንጥቅ ካገኘች እጇን በውሃ ነክራ የቀረውን ሊጥ እንደገና ታሸዋለች። እርሷን አይተው ሌሎቹም እንዲሁ መፈተሽ ጀመሩ።

የክበባት ቀን ዓርብ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሠራነው የጾም ነው። ቦሎቄው በውሃ ያድራል፤ ውሃው ይደፋና በአዲስ ውሃ በኃይል ይንተከተካል። ሆድ የሚያውከው የጥሬ ቦሎቄ ንጥረ ነገር ለብ ባለ ውሃ አይጠፋም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ቦሎቄ እዚህ ሲበስል ትዕግሥት ይፈልጋል። የበሰለው በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በበርበሬ ቁሌት ይታሻል። በላዩ በሹካ የተደፈጠጠ አቮካዶ፣ ቃሪያና የዘጌ ሎሚ ይደረግበታል።

በበዓለ ኀምሳ ዓርብ ስለማይጾም ደግሞ ቀረሶ የተባለውን የጣና ዓሣ አመጣን። ሥጋ ብናመጣ ኖሮ ማን አረደው የሚለው ጥያቄ ልጆቹን በሁለት ገበታ ይከፍላቸው ነበር፤ ዓሣ ግን ለሁሉም ይሆናል። ደግሞም በሜክሲኮ የባሃ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ታኮ በተጠበሰ ዓሣና በጥቅል ጎመን ይበላል፤ ስለዚህ ከሥርዓቱ አልወጣንም። ልጆቹ አጥንት እንዳይቀር ሥጋውን በጣታቸው ዳሰሱ፣ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አሹት፣ ዱቄት ነስንሰው ጠበሱት። ሎሚው ዓሣው ከመጠበሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ብቻ ይደረጋል፤ ከቆየ ሥጋውን ያፈራርሰዋል። ከጁምዓ ሶላት የተመለሱት አባላት እስኪመጡ ማንም አልነካውም። ሲደርሱ ሁሉም በአንድ መሶብ ዙሪያ ቀረበ። እኔን በዓመቱ ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ለመጪው ዓመት ሁለት ነገር እንፈልጋለን። አንዱ ተጨማሪ ምጣድ ነው፤ በአንዱ ላይ ሰልፉ በጣም ይረዝማል። ሌላው ድንብላል የምንዘራበት መደብ ነው፤ ሜክሲኮዎች ታኮ ላይ የሚነሰንሱት እርጥብ ቅጠሉን ሲሆን በገበያችን በብዛት የሚገኘው ግን ፍሬው ነው። መደቡን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሊሰጠን ተስማምቷል፤ ምጣዱን ግን እስካሁን አላገኘንም።