«ኪክድ ዘ ባኬት»፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ተማሪው እንደተሰለፈ፣ የክበባችን አባል የሆነች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በሚኒ ሚዲያ የእንግሊዝኛ ዜና አነበበች። የአንድ መምህራችን አባት ማረፋቸውን ስትናገር «ኪክድ ዘ ባኬት» አለች። ቃል በቃል «ባልዲውን ረገጡ» ማለት ነው። አብዛኛው ተማሪ አላስተዋለም፤ እኛ መምህራን ግን ክው አልን። ፍቺው «ሞተ» መሆኑ እውነት ነው፤ ለሐዘንተኛ ግን አይባልም። «አረፉ» በሚባልበት ቦታ «ድፍት አሉ» እንደማለት ነው። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። በመስከረም የሠላሳ ፈሊጦችን ዝርዝር አባዝቼ ያደልኩት እኔ ነኝ፤ ከዚህኛው ፊት ለፊት የጻፍኩት «መሞት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዝርዝሩን ተውነው። ረቡዕ ረቡዕ ስንሰበሰብ 34ቱ አባላት አንድ ፈሊጥ በደብተራቸው በያዙ ቁጥር፣ ማን ለማን እንደሚለው፣ የት ቢባል ነውር እንደሚሆን ጠይቀው ይጽፋሉ፤ ከጎኑም አማርኛውን ያሰፍራሉ። አንዳንዱ ወዲያው አቻ ያገኛል። እንግሊዞች አኩርፈው ሰውን ችላ ሲሉ «ኮልድ ሾልደር» ሰጠው ይላሉ፤ ቃል በቃል «ቀዝቃዛ ትከሻ» ነው። እኛ ደግሞ «ፊት ነሣው» እንላለን።

«ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» አንድ ሙሉ ሰዓት ወሰደብን። «በስንት ጊዜ አንዴ» ማለት ነው። ዛሬ «ብሉ ሙን» የሚባለው በአንድ የፈረንጅ ወር ውስጥ ሁለተኛዋ ሙሉ ጨረቃ ናት፤ በየሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አንዴ ትታያለች። አንዲት ልጅ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አሰላችው፦ ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ 29 ቀን ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ በእኛ የ30 ቀን ወር ሁለት ጊዜ እንድትሞላ ወሩ በባተበት ዕለት መሙላት አለባት።

ዋናው ክርክር የተነሣው ግን ዋሸራ ቅኔ ቤት ቆይቶ በመጣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ሰሙ ባልዲ፣ ወርቁ ሞት ከሆነ ኅብሩ የታል?» ብሎ ጠየቀ። ኅብር ሰሙንና ወርቁን አንድ ላይ የያዘው ባለ ሁለት ፍቺ ቃል ነው። በአሥራ አንድ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልገጠመኝም። በቅኔ ሰሙም ወርቁም አሉ፤ የተማረ ሰው ኅብሩን ይዞ ወርቁን ያወጣዋል። በ«ኪክ ዘ ባኬት» ግን ኅብሩ ጠፍቷል፤ ባልዲው ከየት እንደመጣ የእንግሊዝኛ ሊቃውንት ራሳቸው አልተስማሙም። ስለዚህ በምርምር አይገኝም፤ ሰዎቹ ሲሉት ሰምቶ መያዝ ነው። ሁለት ረቡዕ ከተከራከርን በኋላ ይኸው ልጅ ማስረጃውን ከአማርኛ አመጣ፦ «‹ጆሮ ዳባ ልበስ› ያልነውን ‹ጆሮ ጋቢ ልበስ› ብንለው ማን ይሰማናል?» እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው፤ ባልዲውን በጀሪካን ብትለውጠው ማንም አይሞትም።

የቃላት ውድድሩና የክርክር መድረኩ እንደየዓመቱ ተካሂደዋል። በወላጆች በዓል አጭር ድራማ አሳይተናል፤ ልጆቹ ወደ መድረክ ሲወጡ ጓደኞቻቸው «ብሬክ ኤ ሌግ» አሏቸው። ቃል በቃል «እግር ስበር» ቢሆንም «ይቅናችሁ» ማለት ነው፤ የሚባለውም መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው እንጂ ከበቅሎ ወድቆ እግሩን ለታመመ አይደለም።

በግንቦት ሌላ የሐዘን ዜና መጣ። ያቺው ልጅ ዜናውን ጽፋ፣ ከማንበቧ በፊት መምህራን ክፍል ድረስ መጥታ አሳየችኝ። «ፓስድ አዌይ»፣ ማለትም «አረፉ»፣ ብላዋለች። የዘንድሮዎቹ 34 ደብተሮች በቤተ መጻሕፍታችን ተቀምጠዋል፤ በመስከረም የሚመጡት አባላት ከእነሱ ይጀምራሉ።