ቅዳሜ ጎንደር ስትመጪ

ሰላም ነሽ ወይ እህቴ? እንዴት ነሽልኝ፣ ልጆቹስ፣ እማማስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ቴሌግራም ላይ ስምሽን ሳየው ክው ነው ያልኩት፣ ከዛ ደስታውን አልቻልኩትም እዛው ሥራ ላይ ሆኜ ደጋግሜ አነበብኩት። ስንት ጊዜ እንደተጠፋፋን አልቆጥርም። አንቺ ትዳሩ ልጁ ሥራው፣ እኔ ደግሞ እዚህ ኮሮናው አለፈ ስንል ጦርነቱ፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ያው የሆነውን ሁሉ ሰምተሻል። ዋናው መገናኘታችን ነው፣ ሌላውን ማታ ቡና አፍልተን እናወጋዋለን።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እሁድ የዘመዳችሁ ልጅ ክርስትና ነው፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነጻ ናችሁ፣ እማማ ጎንደርን አይተው አያውቁም፣ ብሩ ደግሞ እንደነገሩ ነው። ገባኝ። ኑሮው እንዴት እንደከበደ እዚህም እያየነው ነው፣ ስለዚህ ብር የለንም ማለት እኔ ጋ እንዳያሳቅቅሽ። አልጋ የሚባል ነገር እንዳትይዙ፣ እኔ ጋ ነው የምታድሩት፣ በዚህ ክርክር የለም። ቅዳሜ ግን ተረኛ ስለሆንኩ ከፋርማሲው የምወጣው 10 ሰዓት ላይ ነው፣ እስከዛ ሁለታችሁ ብቻችሁን ናችሁ፣ ለዛ ነው እንዲህ ዘርዝሬ የምጽፍልሽ፣ መንገድ ላይ ስልክሽን አውጥተሽ እያነበብሽ ትሄጃለሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ሁሉንም ካላየሁ እንዳትይ። አንድ ቀን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ግንቡን ሮጦ አይቶ፣ ወለቃ ሄዶ ሸክላውን አይቶ፣ ቅዳሜ ገበያ ዞሮ፣ ጎርጎራም ልድረስ ይላል፣ ጎርጎራ እኮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ትራንስፖርቱ ብቻውን ብርሽን ይበላዋል፣ ማታ ምን አየህ ስትይው ከባጃጅ ጋር የተጨቃጨቀውን ነው የሚነግርሽ። የኔ ሐሳብ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዛ የፋሲል ግንብ፣ ከምሳ በኋላ የፋሲል ገንዳ ጥምቀተ ባሕሩ፣ አስር ሰዓት ላይ እኔ ስደርስ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም። በቃ። ቀስ ብላችሁ፣ ቁጭ እያላችሁ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት አያስከፍልም፣ ለእማማ ጉልበትም የሚበጀው እሱ ነው።

ቁርስ ቤት በልታችሁ ውጡ፣ ቆሎና ውሃ አስይዛችኋለሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከፒያሳ ሩቅ አይደለም ግን ዳገት ስላለው ሲወጡ በባጃጅ፣ ሲመለሱ ቁልቁለቱን በእግር ይሻላል። ባጃጁ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ኮንትራት ነው ወይስ በሰው ብለሽ ጠይቂ፣ በሰው ከሆነ በጣም ይቀንሳል። ዝርዝር ብርም ያዢ፣ ጠዋት ጠዋት መልስ የለኝም ነው የሚሉሽ።

ሥላሴን ያሠራው ታላቁ ኢያሱ ነው፣ አድያም ሰገድ የሚሉት፣ የፋሲል የልጅ ልጅ። ቅጥሩ ላይ ዙሪያውን ያሉትን ግንቦች ለእማማ አሳዪያቸው፣ 12ቱ በሐዋርያት ምሳሌ ናቸው። ታሪኩን ደግሞ አባቶች ሲነግሯችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ ስሙ፣ በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርገው ጎንደር ሲገቡ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፣ አርባ አራት ታቦት የሚባልላት ከተማ አመድ ሆነች፣ ሥላሴ ግን ተረፈች። ንብ መንጋ ሆኖ ወጥቶ አባረራቸው ነው የሚባለው። እማማ ይሄን ሲሰሙ እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ።

ውስጥ ስትገቡ ጫማ አውልቃችሁ፣ ነጠላ አጣፍታችሁ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ በሉና ቀና በሉ። ጣራው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው፣ ሌላ አካል የላቸውም ፊትና ክንፍ ብቻ፣ በመደዳ በመደዳ ተደርድረው ወደ ታች ያዩሻል። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ይመስሉሻል። ትንሽ ስትቆዪ የአንዱ ቅንድብ ከፍ ያለ ነው፣ ያንዱ ጉንጭ ሞላ ያለ ነው፣ አንዱ የተቆጣ ይመስላል አጠገቡ ያለው ደግሞ ሊስቅ የደረሰ፣ ሠዓሊው እያንዳንዱን ለብቻው አስቦ እንደሣለው የሚገባሽ ያኔ ነው። ከመቅደሱ በር በላይ ሥላሴ አሉ፣ ሦስት አንድ ዓይነት ሽማግሌዎች። ለዚህ ነው ቀድማችሁ ሥላሴ ሂዱ የምልሽ፣ ጠዋት ሳይደክማችሁ ነው ይሄ የሚታየው፣ ከሰዓት ከሆነ አንገቱም ዓይኑም እሺ አይልም። ፎቶ ስታነሺ ፍላሽ እንዳታበሪ፣ ቀለሙን ይጎዳዋል።

ከዛ ቀስ ብላችሁ ወደ ግንቡ ውረዱ። መታወቂያ አትርሱ፣ የቀበሌም ይሁን ፋይዳ፣ ኢትዮጵያዊ የሚከፍለው ከውጭ ዜጋው በጣም ያነሰ ነው። ቲኬቱን ደግሞ እንዳትጥይው፣ ጥምቀተ ባሕሩም በሱ ነው የሚታየው፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ይጥለዋል።

ብር የምታወጪ ከሆነ እዚህ ላይ አውጪው፣ አስጎብኚ ያዙ። በሩ ላይ መታወቂያ ያላቸው ልጆች አሉ፣ ዋጋውን አስቀድመሽ ተነጋገሪ። እነዚህ ልጆች ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ስንቱን ችለው ነው የተቀመጡት፣ ግማሾቹ ሥራ ቀይረዋል፣ የቀሩት ከተማውን ስለሚወዱት ነው የቀሩት እና ሲያስረዱሽ ይታወቅሻል። ብቻችሁን ከገባችሁ ድንጋይ አይታችሁ ነው የምትወጡት።

ያው ፋሲል ከአባቱ ከሱስንዮስ በኋላ እንደነገሠ ታውቂያለሽ፣ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኖ ሀገሩ በደም ሲታጠብ "ፋሲል ይንገሥ ሃይማኖት ይመለስ" የተባለው ያኔ ነው። ከተማዋን የቆረቆራት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ከዛ በፊት ነገሥታቱ በድንኳን ከቦታ ቦታ ነበር የሚዞሩት፣ እዚህ ግን ድንጋይ በኖራ ገነቡ፣ ልጁም ጨመረ የልጅ ልጁም ጨመረ፣ ለዛ ነው ግቢው አንድ ግንብ ሳይሆን ብዙ ግንብ የሆነው። የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት፣ የበካፋ፣ የምንትዋብ፣ የአንበሶቹም ቤት አለ። ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት የሚል ሰው ካጋጠመሽ ፋሲል ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ያባረራቸው ከተማዋን ከመመሥረቱ በፊት መሆኑን ንገሪው። የሌላ ሀገር እጅ የለበትም ማለቴ አይደለም፣ የህንዱም የአረቡም የአውሮፓውም ነገር ይታይበታል፣ ግን ያሰበውም ያሠራውም የኛው ንጉሥ ነው፣ ይሄ ነገር ሲቀየር በጣም ያመኛል።

የኢያሱ ግንብ ጋ ስትደርሱ ጣሪያ የለውም፣ ገብታችሁ ስታዩ ሰማዩ ነው የሚታየው። በዘመኑ በመስታወትና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ነበር ይባላል። በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ ከዛ ደግሞ ጣሊያን ሲወረን ግቢውን ቢሮና ካምፕ አድርጎት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች በአውሮፕላን ደበደቡት። ጣሊያን በኢትዮጵያ የመጨረሻ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ነው፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም.። የፋሲል ግንብ ደረጃ ለእማማ ይከብዳቸዋል፣ አንቺ ስትወጪ እሳቸው ከታች ዛፍ ጥላ ስር ሣሩ ላይ አረፍ ይበሉ። የምንትዋብ ግንብ ላይ ያሉትን ቀይ ድንጋይ መስቀሎች ግን አሳዪያቸው፣ ማታ ቁስቋም ስንወጣ ይጠቅመናል።

ምሳ ፒያሳ አካባቢ ብሉ፣ ግን ትልልቁ ሆቴል ሳይሆን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያሉት ምግብ ቤቶች፣ አንድ ተጋቢኖ ለሁለት ይበቃችኋል። ፒያሳ ላይ ያሉት የድሮ የጣሊያን ሕንጻዎች ናቸው፣ ፖስታ ቤቱም ሲኒማውም፣ እያለፋችሁ ታዩታላችሁ። ገበያውን እለፉት። እማማ ቅመም ማየት ከጀመሩ ቀኑ እዛው ነው የሚመሸው።

ጥምቀተ ባሕሩ በቀሃ በኩል ነው፣ በባጃጅ በሰው ሂዱ። ገንዳው ለጥምቀት ካልሆነ ውሃ የለበትም፣ እማማ ቅር እንዳይላቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ነው የሚገባው። እኔ ባዶውንም እወደዋለሁ። ጥምቀት የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመመዝገቡ በፊትም በኋላም እዚህ ቦታ ስንት ሰው እንደሚጎርፍ ታውቂያለሽ፣ በሌላ ጊዜ ግን ጸጥ ያለ ነው፣ ወፍ ብቻ። ቅጥሩን ዙሩና የዛፎቹን ሥር እዩ፣ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ግድግዳውን ወርዶ ድንጋዩ መሃል ገብቷል፣ አሁን ዛፉ ነው ግንቡን የያዘው ወይስ ግንቡ ዛፉን መለየት አይቻልም። እዛው አካባቢ ዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው የሚባለውንም ታገኙታላችሁ። እዚህ እንቅልፍ ቢወስዳችሁም ችግር የለም፣ እኔ ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ወደዛው ነው የምመጣው።

ከዛ ሦስታችን በኮንትራት ቁስቋም እንወጣለን፣ ይሄኛው በኔ ነው፣ እንዳትከራከሪኝ። ቁስቋምን እቴጌ ምንትዋብ ነች ያሠራችው። ባሏ በካፋ ሲሞት እ.ኤ.አ. በ1730 ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ትንሽ ልጅ ነበር፣ እሷ ዘውድ ጭና ለሱ ገዛችለት፣ ከሱ በኋላም ለልጅ ልጇ ለኢዮአስ። ከዛ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ጊዜ ተገደለ እና እሷ እዚሁ ቁስቋም ተቀምጣ ቀሪ ዘመኗን ጨረሰች። የሦስቱም አጽም እዛው አንድ ላይ ነው፣ በመስታወት ሣጥን፣ እናት ልጅ የልጅ ልጅ። ሁልጊዜ እዛ ስቆም ስለ ንግሥናዋ ሳይሆን ስለ እናትነቷ ነው የማስበው፣ ልጇንም የልጅ ልጇንም ቀብራ መኖሯን። ከእማማ ጋር ሆኜ ላየው በጣም ነው የምፈልገው፣ እሳቸውም ልጅ ቀብረዋል አይደል፣ የሚሉት ነገር ይኖራል።

ከዛ ቤት። ጋቢ አምጡ፣ ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ማታው ይበርዳል፣ ለእማማ ደግሞ ተረከዙ ጠፍጣፋ የሆነ ጫማ። አርብ ስትነሱ ደውይልኝ፣ መናኸሪያ መጥቼ እቀበላችኋለሁ፣ እና እማማ በስለት የሚጾሙት ነገር ካለ ከወዲሁ ጻፊልኝ፣ እራቱን በሱ ልክ ልሥራ።